ኤሌክትሮኒክስ ሲገዙ ዋጋ መከራከር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቤተሰቡ አንዱ ስልክ፣ ላፕቶፕ ወይም ቴሌቪዥን ሊገዛ ሲነሳ «አብረን እንሂድ» የምባለው እኔ ነኝ። መገናኛና ቦሌ መድኃኔዓለም ያሉትን ሕንፃዎች ፎቅ ለፎቅ ዞሬያለሁ፤ መርካቶም ብዙ ተመላልሻለሁ። ዘመድ፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። የማወራው በአብዛኛው ስለ አዲስ አበባ ገበያ ነው።

ኤሌክትሮኒክስ ቤት ገብቶ ዋጋ ማስቀነስ ነውር አይሆንም?

በፍጹም። ሽንኩርት ላይ አምስት ብር የሚያስቀንስ ሰው የ40 ሺህ ብር ስልክ ፊት ሲቆም አንደበቱ ይያዛል። መስታወቱና መብራቱ ዋጋው የማይነካ ያስመስለዋል። ከባንኮኒው ወዲያ ያለው ልጅ ግን ዋጋ ሲጠራ የሚቀንሰውንም አስቦ ነው የሚጠራው። የማይከራከር ገዢ ያቺን ጭማሪ ዝም ብሎ ትቶለት ይወጣል።

ሕጉም ከገዢው ጋር ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የሸማቹን መብቶች ሲዘረዝር፣ የዕቃውን ጥራት ወይም አማራጭ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተደራደረ ብቻ እንዲገዛ እንደማይገደድ አስፍሯል። «ይህን ሁሉ አስወርደሽኝ ልትሄጂ ነው?» ቢባሉ እንኳ አመስግኖ መውጣት መብትዎ ነው። የታሸገ ካርቶን ከማስከፈትዎ በፊት ግን ዋጋው ላይ ይስማሙ። ማሸጊያው የተቀደደ ስልክ ለሌላ ሰው እንደ አዲስ አይሸጥም፤ እዚህ ላይ ነጋዴው ቢቆጣ እውነቱን ነው።

«ዋጋችን ቁርጥ ነው» የሚሉ ቤቶችም አሉ፣ በተለይ የአንድ ኩባንያ ወኪል የሆኑት። እዚያ ብሩን ትተው ምርቃት ይጠይቁ፦ ከቨር፣ ስክሪን ፕሮቴክተር፣ ቴሌቪዥን ከሆነ ቤት ድረስ ማድረስና ግድግዳ ላይ መስቀል።

ምን ያህል ይቀንሳሉ? በግማሽ ብጠራስ?

ልብስ ላይ የለመድነው «በግማሽ ጥራ» እዚህ አይሠራም። አንድ ዓይነት የታሸገ ስልክ በአንድ ሕንፃ ውስጥ አሥር ሱቅ ላይ ተደርድሮ ይገኛል፤ የአንዱን ዋጋ ሌላው ያውቀዋል። ስለዚህ በአዲስ ስልክና በአዲስ ላፕቶፕ ላይ ያለው ትርፍ ስስ ነው። በግማሽ የጠራ ሰው ገበያውን እንደማያውቅ ራሱ ተናገረ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ነጋዴው ከልቡ አይከራከረውም።

ሰፊው ትርፍ ያለው ከጎን ባሉት ዕቃዎች ላይ ነው፦ ቻርጀር፣ ኬብል፣ ኢርፎን፣ ከቨር፣ ፍላሽ፣ ፓወር ባንክ። ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራክሮ 500 ብር ካስቀነሰ በኋላ፣ ከቨርና ፕሮቴክተር ሲጨምር የተጠራለትን ሳይጠይቅ ይከፍላል። ያስቀነሰው እዚያው ተመለሰ። እኔ የምፈልገውን ሁሉ በአንድ ላይ አስቀምጬ ጠቅላላውን ነው የምከራከረው።

ስለ ርካሽ ነገር ደግሞ ይህን ልበል። ስድስት ሱቅ ተቀራራቢ ዋጋ ጠርቶልኝ ሰባተኛው ብዙ ሺህ ብር ካወረደ ደስ አይለኝም። እንደዚያ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ሌላ ሲሆን ነው፦ ተከፍቶ ተመልሶ የታሸገ፣ ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ፣ ዋስትና የሌለው ወይም ደረሰኝ የማይቆረጥለት። ዋጋ ስናስወርድ ዕቃው አብሮ እንዳይወርድብን መጠበቅ፣ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ደጋግሜ የምናገረው ይህንን ነው።

ከመሄዴ በፊት ምን ማወቅ አለብኝ?

የሚገዙትን ዕቃ ሙሉ ስም። «ሳምሰንግ ኤ ስንት ነው?» ብሎ የሚጀምር ገዢ ላይ እንደፈለጉ መጥራት ይቻላል። ሞዴሉን፣ የውስጥ ማከማቻውን (128 ጂቢ ነው 256?)፣ ራሙን (ስልኩ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማኅደር)፣ ፓክ (ያልተከፈተ አዲስ) የሆነ ወይም ያገለገለ መሆኑን ጭምር ይጥሩ። አንዱ ሱቅ የጠራው የ128ቱን፣ ሌላው የ256ቱን ከሆነ ሁለቱን ዋጋ ማወዳደር ዋጋ የለውም።

ራም ላይ በተለይ ይጠንቀቁ። ቴክኖና ኢንፊኒክስን በመሳሰሉ ስልኮች ካርቶን ላይ «16 ጂቢ» ተብሎ በትልቁ ይጻፍና ከሥሩ በትንሹ 8+8 ይላል። እውነተኛው ራም 8 ነው፤ የቀረው ስምንት ከማከማቻው ተበድሮ የሚሠራ ነው። ነጋዴው «16 ራም ነው» ብሎ ሲጠራ «8 ሲደመር 8 ነው አይደል?» ማለት ብቻ ወሬውን ይለውጠዋል። ፓወር ባንክም እንደዚሁ ነው። ፊቱ ላይ በትልቁ የተጻፈው ሌላ፣ ጀርባው ላይ በደቃቁ የተጻፈው ትክክለኛ አቅም ሌላ ነው። ቴሌቪዥን ኢንቹ የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው፤ ባለ 43 ኢንች የሚባለው 109 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ሜትር ይዤ ሄጄ አውቃለሁ፤ ማንም አልሳቀብኝም።

ዋጋ ለማወቅ የሱቆቹን የቴሌግራም ቻናሎችና ጂጂ የተባለውን የመሸጫ ድረ ገጽ ይመልከቱ፤ ከዚያ ደውለው «አሁን እጅህ ላይ አለ?» ብለው ያረጋግጡ። ይህች ጥያቄ ትጠቅማለች። ዕቃው የሌለው ሱቅ «ቁጭ በይ፣ ከስቶር ላስመጣልሽ» ይልና ልጅ ይልካል። ልጁ ፎቁን ወርዶ ከሌላ ሱቅ ያመጣዋል፤ የሁለት ሱቅ ትርፍ እርስዎ ላይ ያርፋል። ሲበላሽም የትኛው ሱቅ እንደሚጠየቅ ግራ ያጋባል።

ፊት ለፊት ቆሜ ምን ልበል?

«መጨረሻውን ንገረኝ» ብሎ መጀመር አልወድም። የሚነገርዎት «መጨረሻ» መጨረሻው አይደለም፤ አንዴ ከተናገረው በኋላ ግን ከዚያ ለመውረድ ልጁ ቃሉን ማጠፍ ይሆንበታል። የራስዎን ቁጥር ከነምክንያቱ ይዘው ይቅረቡ።

አምና የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ተመደበችና ያገለገለ ላፕቶፕ ልንገዛ መገናኛ ሄድን። ገና ማለዳ ነበር፤ ልጁ ባንኮኒውን እየወለወለ ነው። 41 ሺህ ጠራ።

«ወንድሜ፣ ይህንኑ ሁለት ቦታ ጠይቄ 39 ተብያለሁ። ከነደረሰኙ 37 ካደረግክልኝ አሁኑኑ እከፍላለሁ» አልኩት።

«እህቴ፣ አያዋጣኝም። መግዣዬን ነው የጠራሽው።»

«አንተን የሚያከስርህን አልልም። 38 ይሁንና ቦርሳውንና ማውሱን መርቅልን።»

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ካልኩሌተሩን አንስቶ መታ መታ አደረገና መልሶ አስቀመጠው። «ማውሱን ልስጥሽ። ቦርሳው ግን ብቻውን ሺህ ብር ነው።»

«ቦርሳው ለተማሪዋ ነው» አልኩና ወደ ልጅቷ አመለከትኩ። አየት አደረጋት። «የት ደረሰሽ?» አላት። ጅማ መሆኑን ነገረችው። «በይ ውሰጂው፣ መክፈቻዬ ናችሁ» ብሎ ቦርሳውን ከመደርደሪያው አወረደ።

ከዚህ ውስጥ እኔ የምይዘው ዝምታውን ነው። አብዛኞቻችን ቁጥር ጠርተን ነጋዴው ሲያስብ አንታገሥም፤ እሱ ሳይመልስ ራሳችን «እሺ 500 ልጨምር» እንላለን። ካልኩሌተሩ እስኪቀመጥ ይጠብቁ። ሌላው፣ ማለዳ መሄድ ነው። የቀኑን የመጀመሪያ ገዢ መመለስ ብዙ ነጋዴ አይወድም፤ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሰው ሲሞላ ግን ማንም ቆሞ አይከራከርዎትም። ዕቃውን ማንቋሸሽም አያስፈልግም። «ይሄ ምን ዕቃ ነው!» ካሉት «ታዲያ ለምን ትገዢዋለሽ?» ይላል፤ መልስ የለውም።

ነውር የሚባል ነገር ካለ ደግሞ ይኸውና፦ ዋጋ ጠርተው ነጋዴው «እሺ፣ ውሰጂ» ካለ በኋላ ጥሎ መሄድ። ስለተደራደሩ ብቻ ሕጉ አያስገድድም ብያለሁ፤ ግን ራስዎ የጠሩትን ዋጋ አክብረው ይግዙ። የማይገዙበትን ቁጥር አይጥሩ።

«ደረሰኝ ካልፈለግሽ ልቀንስልሽ» ሲሉኝ ምን ላድርግ?

ከሁሉ የሚበዛው ጥያቄ ይህ ነው፤ እኔንም ዋጋ ያስከፈለኝ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ስሌቱን እንይ። ተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) 15 በመቶ ነው። ቫትን ጨምሮ 34,500 ብር የተጠራ ዕቃ ውስጥ 30,000 የዕቃው፣ 4,500 የታክሱ ነው (ጠቅላላውን ለ1.15 ሲያካፍሉ ያገኙታል)። «ያለ ደረሰኝ 2,000 ልቀንስልሽ» የሚል ሰው ለመንግሥት መግባት ያለበትን 4,500 እያስቀረ፣ 2,500ውን ለራሱ ይዞ ነው ቸር የሚሆነው። ደረሰኝ መስጠት ደግሞ ግዴታው እንጂ ውለታው አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን እንደዚህ ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ ሰክተው አሳዩኝ፣ ምስሉ ጥርት ያለ ነበር። ከዚያ «የታሸገውን ነው የምንሰጥሽ» ብለው ከጀርባ ካርቶን አመጡ፤ ያየሁት ሌላ፣ የወሰድኩት ሌላ። ቤት ወስደን ስንሰካው ከላይ እስከ ታች አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መስመር ወርዳለች። በነጋታው ተሸክመን ተመለስን። የሸጠልኝ ልጅ አልነበረም፤ ሌላው «ከእኛ ነው የገዛሽው? ደረሰኙን እስቲ» አለኝ። እጄ ላይ የነበረው የባንክ ማስተላለፊያ ብቻ ነው፤ እሱም ሱቁ ስሙን እንኳ አላውቀውም ያለው ግለሰብ ሒሳብ ውስጥ የገባ። እናቴ ያንን ቴሌቪዥን እስካሁን ከነመስመሩ ታየዋለች፤ በገባሁ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ ዋጋ ገና ሲጠራ «ይህ ቫትን ይጨምራል?» ብለው ይጠይቁ። ይህን ሳይጠይቁ ከተስማሙ፣ ሊከፍሉ ሲሉ «የነገርኩሽ ያለ ቫት ነው» ተብሎ 15 በመቶ ይጫናል፤ የተከራከሩት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ደረሰኙ ላይ የሚጻፈው ከከፈሉት ያነሰ እንዲሆን ሲጠየቁም እምቢ ይበሉ፤ ክርክር ቢመጣ በእጅዎ ያለው ማስረጃ ያቺ ትንሿ ቁጥር ብቻ ናት። ሞዴሉና የስልኩ አይኤምኢአይ (እያንዳንዱ ስልክ ያለው መለያ ቁጥር) ወይም የላፕቶፑ ሲሪያል ቁጥር ደረሰኙ ላይ ካልወጣ፣ ጀርባው ላይ አስጽፈው ማኅተም ያስመቱበት። ገንዘቡንም ደረሰኙ ላይ ስሙ ወዳለው ድርጅት ሒሳብ ወይም የቴሌብር ቁጥር ይላኩ።

ዋጋ ላስቀንስ ስል «ዶላር ጨመረ» ይሉኛል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ይፋዊው ዋጋ በአንድ ዶላር 58 ብር ገደማ ከነበረበት በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ስልክና ላፕቶፕ ከውጭ የሚገባ ነው፤ ነጋዴው ዛሬ የሸጠውን ነገ መልሶ የሚያስገባበትን ዋጋ አስቦ መጥራቱ አይገርምም። መደርደሪያው ላይ ያለው በድሮው ዋጋ የገባ ቢሆንም «በድሮው ከሸጥኩ በምን እተካዋለሁ?» የሚለው አነጋገሩ ስሜት ይሰጣል።

ሌላው ግማሽ ግን ልማድ ነው። በሻንጣ የሚገባው ብዙ ዕቃ ቀድሞም የሚጠራው በይፋዊው ሳይሆን በትይዩ ገበያው ምንዛሪ ነበር፤ ስለዚህ ይፋዊው ሲዘል ዕቃው ሁሉ በዚያው ልክ መዝለል አልነበረበትም። ዶላር ላይ ከነጋዴው ጋር መከራከር አይጠቅምዎትም። «ይሁን፣ ግን ጎረቤትህም በዚሁ ዶላር ነው ያስገባው፣ እሱ ይህን ያህል ይላል» ይበሉት።

ያገለገለ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ላይ እንዴት ልከራከር?

እዚህ ነው ትልቁ ክርክር ያለው፤ ምክንያቱም ሁለት ያገለገሉ ዕቃዎች አይመሳሰሉም። የሚያስቀንስልዎ ምላስ ሳይሆን ያገኙት ጉድለት ነው።

አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ የባትሪውን ጤና በመቶኛ ይዩ። ሞዴል ቁጥሩ የሚጀምርበት ፊደልም ይናገራል፦ በኤም የሚጀምረው አዲስ ሆኖ የተሸጠ፣ በኤፍ የሚጀምረው ታድሶ የተሸጠ፣ በኤን የሚጀምረው በተበላሸ ምትክ የተሰጠ ነው። «አዲስ ነው» የተባለ ስልክ በኤፍ ከጀመረ ወይ ዋጋው ይውረድ፣ ወይ ይተውት። የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱን ከመክፈልዎ በፊት ያረጋግጡ፤ ይህ ግን ዋጋ ማስቀነሻ አይደለም፣ ካልወጣ ጨርሶ አይግዙ። በማንኛውም ስልክ *#06# ሲመቱ የሚወጣው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ሳምሰንግ ላይ *#0*# ቢመቱ ብዙ ጊዜ የስክሪን መፈተሻው ይከፈታል፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን እያፈራረቁ ጥላ ወይም ነጥብ ይፈልጉ።

ላፕቶፕ ላይ ጥያቄዬ ጄኔሬሽን ነው፤ ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ትውልድ ነው ማለት ነው። «ኮር አይ 5 ነው» የሚለው ብቻውን ምንም አይነግርም። ስምንተኛውና ከዚያ በላይ ያሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ዊንዶውስ 11ን በይፋ ይቀበላሉ፤ ከዚያ በታች ያሉት፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ አይቀበሉም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ጄኔሬሽን ይዞ የስምንተኛውን ዋጋ የሚጠራ ነጋዴ ፊት ይህን በትሕትና ያንሱ። እኔ ከዚህ የተሻለ የማስቀነሻ ምክንያት እስካሁን አላገኘሁም። ከዚያ ቻርጀሩን ነቅለው ሃያ ደቂቃ ይጠቀሙበት። ባትሪው እንደ ውሃ ከወረደ፣ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ስንት እንደሆነ እዚያው ጎረቤት ሱቅ ጠይቀው ከጠቅላላው ያስቀንሱ።

ዋስትና ላይ መከራከር ይቻላል?

ይቻላል፤ የመጨረሻዋን 500 ብር ከማስቀነስ ይልቅ እኔ ይህን እመርጣለሁ። ነጋዴ ብር ከመቀነስ ይልቅ ከአንድ ሳምንት ወደ አንድ ወር ዋስትና ማሳደግ ይቀለዋል። የሱቁ ዋስትናና የኩባንያው ዋስትና ይለያያሉ፤ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። አዋጅ 813 ገዢው የተጓደለ ዕቃ ሲያገኝ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ «ከበር ከወጣ አንመልስም» የሚለው ወረቀት ግድግዳው ላይ ቢለጠፍም ይህንን አይሽረውም። የቃል ዋስትና ግን አይቀበሉ። ፒያሳ ያሉ ብዙ ሱቆች በ2016 በልማት ምክንያት ከቦታቸው ሲነሱ፣ ደረሰኝና ስልክ ቁጥር ያልያዘ ደንበኛ ሱቁ የት እንደገባ መፈለግ ነበረበት።

ከክፍለ ሀገር ስመጣ ዋጋ ይጨመርብኛል። ምን ላድርግ?

ይጨመራል፤ ሴቶችና ትልልቅ ሰዎች ላይም እንደዚሁ። ደላላ ይዘው አይሂዱ፤ በር ላይ ቆሞ «እናቴ፣ ምን ፈልገው ነው?» ብሎ ወደ ሱቅ የሚወስድዎት ልጅ ድርሻው እርስዎ ከሚከፍሉት ውስጥ ነው የሚወጣው። የሚፈልጉትን ሞዴል ወረቀት ላይ አስጽፈው ይዘው ይሂዱና ወረቀቱን ብቻ ያሳዩ። አዋጁ ዋጋ በግልጽ መለጠፍ አለበት ይላል፤ ካልተለጠፈ «የተለጠፈው ዋጋ የት አለ?» ብሎ መጠየቅም ያግዛል።

ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለ ዘመድ ቢገዛልኝስ?

ዱባይ ዴራ ያሉት ትናንሽ ሱቆች እንደኛው ይከራከራሉ፤ ትልልቆቹ የገበያ ማዕከሎች ግን ቁርጥ ናቸው። አሜሪካ ብዙ ክርክር የለም፤ ቤስት ባይን የመሳሰሉ መደብሮች ግን ተመሳሳዩን ዕቃ የታወቀ ተፎካካሪ በርካሽ እየሸጠው መሆኑን ካሳዩአቸው ዋጋውን ያስተካክላሉ፤ ተከፍቶ የተመለሰ ዕቃም በቅናሽ አላቸው። ዘመድዎን ሁለት ነገር ያስጠንቅቁ። ከአይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም። ቴሌቪዥንና የቤት ዕቃ ጀርባ ላይ ከ110 እስከ 120 ቮልት ብቻ ካለ ደግሞ የእኛን 220 አይችልም።

ከፍዬ ከወጣሁ በኋላ ሌላ ቦታ ረክሶ ባገኘውስ?

መጀመሪያ ያው ዕቃ መሆኑን ያረጋግጡ፦ ማከማቻው፣ ራሙ፣ ቫቱ፣ ዋስትናው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ይለያል። በእርግጥ ያው ከሆነ፣ ዋጋው ብቻ ስለበለጠ ገንዘብ መልስ ማለት አይቻልም፤ ተመልሰው ሄደው ግን በሰላም ይንገሩት። እኔ አንዴ እንደዚህ ብዬ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ልጁ ብሩን አልመለሰልኝም፤ ስልክ ቁጥሩን ሰጥቶኝ «ሌላ ጊዜ ስትመጪ ቀድመሽ ደውዪልኝ» አለ። ለወንድሜ ስልክ ስገዛ ደወልኩለት፤ ፎቁን ሳልዞር፣ ደረሰኜን ይዤ በሩብ ሰዓት ወጣሁ።